የጀርመን የስኳር እርሻና የማይታየው ትል

በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በጀርመን አገር፥ ስኳር የሚወጣበት የቀይ ሥር ዓይነት ዓመት በዓመት ይዘራበት የነበረው እርሻ ምርቱ እያደር ቀነሰ። ሰዎች «መሬቱ ደከመ» አሉ፤ ጉድለቱንም በማዳበሪያ ለመሙላት ሞከሩ። ምክንያቱ ግን ሌላ ነበር።

በ1859 እ.ኤ.አ. ሔርማን ሻክት የተባለው የዕፀዋት ሊቅ ከሥሩ ላይ ኔማቶድ የሚባሉ ጥቃቅን ትሎች አገኘ፤ በ1871 አዶልፍ ሽሚት ትሉን በሻክት ስም ሰየመው። እንስቲቱ ስትሞት ገላዋ ጠንካራ ከረጢት ሆኖ እንቁላሎቿን በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይጠብቃል። ስለዚህ ያንኑ ተክል በዚያው መሬት መደጋገም ጠላትን መቀለብ ነበር። የሐሌው መምህር ዩልየስ ኩን ትሉን የሚስብ ተክል ዘርቶ፥ ትሉ ሳይራባ ተክሉን ነቅሎ ማጥፋትን አስተማረ።

እንግዲህ መሬት ደከመ ከማለት አስቀድሞ ሥሩን ነቅሎ መመርመር ይገባል።