አዲስ ብራውዘር ለምን ያስፈልጋል? የአንድ ጥርጣሬ ታሪክ

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል ያገራችን ሰው። መጠርጠር የብልህ ሰው መሣሪያ መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ነገር ግን መሣሪያ ሁሉ የሚጠቅመው በቦታው ሲውል ስለ ሆነ፣ ጥርጣሬም የሚጠቅመው ተገቢውን ጥያቄ የጠየቀ እንደ ሆነ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ጕዳይ በየዕለቱ በእጃችን የምንይዘውና ታሪኩን ግን እምብዛም የማናውቀው፣ ብራውዘር የተባለው የድረ ገጽ ማሰሻ ነው። አዲስ ብራውዘር ተሠራ በተባለ ቍጥር «ያለው መች አነሰንና ነው?» የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህ ድምፅ እውነት አለውን? መልሱን ከታሪክ እንፈልግ። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የመጀመሪያውን ብራውዘር የሠራው እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ ነው። ይህ ሰው በስዊስ አገር በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም ሲሠራ፣ በ1989 የዓለም አቀፉን ድር ሐሳብ አቀረበ፤ በ1990ም ብራውዘሩን ጻፈ። ሆኖም ፕሮግራሙ የሚሠራው ኔክስት በሚባል ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ነበር፤ ይህም ኮምፒዩተር በጥቂት ሰዎች እጅ ብቻ የሚገኝ ነበር። ሰርን በሚያዝያ 1993 የድሩን ፕሮግራም ያለ ክፍያ ለዓለም ሕዝብ ሁሉ ለቀቀ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ማርክ አንድሪሰንና ኤሪክ ቢና ሞዛይክ የተባለውን ብራውዘር አወጡ። ሞዛይክ ሥዕልን ከጽሕፈት ጋር አንድ ገጽ ላይ ያሳይ ስለ ነበርና በተራው ሰው ኮምፒዩተር ላይም እንዲሠራ ስለ ተደረገ፣ ድሩ ከሊቃውንት ክፍል ወጥቶ ወደ ሕዝብ ቤት ገባ። እንግዲህ ያን ጊዜ «አንድ ብራውዘር አለንና ሌላ አያስፈልግም» ተብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ድሩ የጥቂቶች መሣሪያ ሆኖ በቀረ ነበር።

በ1994 ኔትስኬፕ፣ በ1995 ደግሞ የማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ወጡ። ማይክሮሶፍት የራሱን ብራውዘር ከዊንዶውስ ጋር አያይዞ በነጻ ስለ ሰጠ ኔትስኬፕ ገበያውን እያጣ ሄደ። የአሜሪካ መንግሥትም በ1998 ማይክሮሶፍትን ፍርድ ቤት አቀረበው። ክርክሩ ሲካሄድ ኤክስፕሎረር ሜዳውን ያዘ፤ ወዲያውም ከመቶ 90 እጅ የሚበልጠው ሰው በእርሱ የሚጠቀም ሆነ። ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ብዙ ያስተምራል። ስድስተኛው ኤክስፕሎረር በ2001 ወጣ፤ ሰባተኛው የወጣው ግን በ2006 ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ብዙው ሕዝብ በዚያው በአሮጌው፣ ለወንበዴ ፕሮግራም በር የሚከፍት ጕድለት በበዛበት መሣሪያ ቈየ። ተፎካካሪ ሲጠፋ ትጋትም አብሮ ይጠፋልና።

ከዚህ እንቅልፍ የቀሰቀሰው ፋየርፎክስ ነው። ኔትስኬፕ ከመውደቁ በፊት በ1998 የፕሮግራሙን ጽሕፈት ለሁሉ ክፍት አድርጎ ነበር፤ ከዚያም ዘር ፋየርፎክስ በቅሎ በ2004 ወጣ። ከእርሱም ሌላ የአፕል ሳፋሪና የኖርዌዩ ኦፔራ ነበሩ።

ጎግል በመስከረም 2008 ክሮም የተባለውን ብራውዘር ሲያወጣ እንግዲህ ሜዳው ባዶ አልነበረም። ተጠራጣሪዎችም ከባድ ክርክር ነበራቸው። አንደኛ፣ ያሉት ብራውዘሮች በቂ ናቸው ይሉ ነበር። ሁለተኛ፣ ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ገጹን በአንድ ተጨማሪ ብራውዘር መፈተን ይኖርበታል። ሦስተኛ፣ ጎግል ለፋየርፎክስ ገንዘብ እየከፈለ ከወዳጁ ጋር ስለ ምን ይፎካከራል? አራተኛ፣ ከማስታወቂያ የሚኖር ድርጅት ዓለምን የምናይበትን መስኮት ሲይዝ አያሠጋምን? የሚያስደንቀው ነገር፣ ከተጠራጣሪዎቹ አንዱ የጎግል ዋና ሥራ አስኪያጅ የነበረው ኤሪክ ሽሚት ራሱ መሆኑ ነው። ሽሚት ድርጅቱ ወደ ብራውዘር ጦርነት እንዳይገባ ለዓመታት ተቃውሞ ነበር። ሐሳቡን የለወጠው መሥራቾቹ ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን የፋየርፎክስን ሠራተኞች ቀጥረው ያሠሩትን ናሙና በዓይኑ ባየ ጊዜ ነው።

ክሮም ምን አዲስ ነገር አመጣ ቢባል፣ ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። በዘመኑ በነበሩት በብዙዎቹ ብራውዘሮች አንድ ገጽ ሲበላሽ የተከፈቱት ገጾች ሁሉ አብረው ይዘጉ ነበር፤ ክሮም ግን ገጾቹን ለየብቻ ስላስኬዳቸው የአንዱ ጥፋት ለሌላው አይተርፍም። ደግሞም ዴንማርካዊው ላርስ ባክ የመራው ቪ8 የተባለ ክፍል፣ በገጾች ውስጥ ያለውን የጃቫስክሪፕት ትእዛዝ በቀጥታ ወደ ኮምፒዩተሩ ቋንቋ እየመለሰ ያፈጥነው ነበር። ሌሎቹም ላለመቅደም በመሽቀዳደም ፈጠኑ። ስለዚህ «ያለው ይበቃል» ያሉት ሰዎች ተሳስተው ነበር ማለት ይቻላል።

ነገር ግን አራተኛው ጥርጣሬያቸው አልከሸፈም። ኦፔራ በ2013 የራሱን ሞተር ትቶ ክሮም የቆመበትን ክሮሚየም ተቀበለ። ያ ኀያል የነበረው ማይክሮሶፍትም በ2018 እንዲሁ እንደሚያደርግ አስታውቆ፣ በ2020 አዲሱን ኤጅ በክሮሚየም ላይ ሠርቶ አወጣ። ዛሬ ከዓለም ተጠቃሚ ከግማሽ የሚበልጠው በክሮም ነው የሚያስሰው። ሞዚላ ፋየርፎክስን የሚያኖርበት አብዛኛው ገቢ የሚመጣው ከዚያው ከጎግል ነው። ጎግል የክሮምን የተቀጥላ ፕሮግራሞች ደንብ በቅርብ ዓመታት ሲለውጥ፣ ማስታወቂያ ይከለክሉ ከነበሩት ጠንካሮቹ ፕሮግራሞች አንዳንዶቹ በክሮም መሥራታቸው ቀረ። ድርጅቱ ለደኅንነት ነው ይላል፤ ሆኖም በማስታወቂያ የሚኖረው ራሱ ደንብ አውጪው ስለ ሆነ ሰው ቢጠረጥር አይፈረድበትም። የአሜሪካው ዳኛ አሚት ሜታ በነሐሴ 2024 ጎግል የፍለጋውን ገበያ ከሕግ ውጭ በብቸኝነት ይዟል ብለው ፈረዱ፤ በመስከረም 2025 ግን ክሮምን እንዲሸጥ አላስገደዱትም።

በ2025 ኮሜትና አትላስ የተባሉ፣ በሰው ሠራሽ አእምሮ የሚታገዙ ብራውዘሮች ወጡ። ሁለቱም የተሠሩት በክሮሚየም ላይ ነው። ልብሱ አዲስ ይሁን እንጂ ሰውነቱ የቀድሞው ነው። በአንጻሩ አንድሪያስ ክሊንግ የሚመራው ሌዲበርድ፣ በ2024 ለትርፍ የማይሠራ ድርጅት ተቋቁሞለት፣ ሞተሩን ከመሠረቱ በአዲስ ለመሥራት ተነሥቷል። «የድሩ ደንብ እጅግ የበዛ ስለ ሆነ ጥቂት ሰዎች አይችሉትም» የሚሉት ምክንያት አላቸው። ሆኖም አስቸጋሪ የሆነ ነገር ሁሉ አላስፈላጊ ነው ማለት አይደለም።

ይህ ነገር ለእኛ ምናችን ነው የሚል ቢኖር፣ የፊደላችንን ታሪክ ይመልከት። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ገጽ የሚሠራ ሁሉ የመረጠውን የፊደል ዓይነት ይጠቀም ስለ ነበር፣ ያ የፊደል ዓይነት በኮምፒዩተሩ የሌለው አንባቢ ትርጕም የሌለው ምልክት ብቻ ያይ ነበር። ከዚህ ችግር ያወጣን የአንድ ድርጅት ብራውዘር አይደለም፤ ሁሉ ተስማምቶ ያጸደቀው የጋራ ደንብ ነው። የጋራ ደንብ ኀይል የሚኖረው ደግሞ ብዙ ሞተሮች እኩል ሲታዘዙለት ነው። አንድ ሞተር ብቻ የቀረ ዕለት፣ ያ ሞተር የሚያደርገው ሁሉ ደንብ ይሆናል፤ ተናጋሪው ጥቂት የሆነ ቋንቋም ደጅ ጠኚ ሆኖ ይቀራል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ክሩ ብዙ ስለ ሆነ ነው፤ ከአንድ ክር ገመድ አይገመድም።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፣ አዲስ ብራውዘር መጣ ሲባል መጠርጠራችንን አንተው። ነገር ግን «ያለው አይበቃምን?» ከማለት ይልቅ «ሞተሩ የማን ነው? ያሉት ያላደረጉትን ምን ያደርጋል? የሚኖረውስ በማን ገንዘብ ነው?» ብለን እንጠይቅ። ለእነዚህ ለሦስቱ ጥሩ መልስ ያለው ብራውዘር፣ ሥራው ገና ቢሆንም እንኳ፣ የሚያስፈልገን ነው።