ቃሲሉ ነገ ይደርሳል

ሐረር ሲባል ጅብ፣ ቡናና ግንብ ትዝ ይለናል። ስለ ሐረር ውበት ግን ማን ያወራል? እስቲ ዛሬ እኛ እናውራ።

እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ጀጎል ገብቶ 10 ቀን ቆይቷል። የከተማዋ ሴቶች ዓይናቸውን በኩል፣ እጅና እግራቸውን በሂና እንደሚያስውቡ ጽፏል። ለፊት ደግሞ ቃሲል አለ። የቁርቁራ ቅጠል ደርቆ ይፈጫል፣ በውሃ ይለወሳል። ሳፖኒን ስላለው እንደ ሳሙና አረፋ ይሰጣል።

ቦቶክስ ግን በሌላ በር ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1895 ቤልጂግ ውስጥ የአሳማ ሥጋ የበሉ ሰዎች ተመረዙ፤ ሦስቱ ሞቱ። ቫን ኤርመንገም የተባለ ሊቅ ባክቴሪያውን አገኘው። ያው መርዝ በ1989 አሜሪካ ውስጥ ለዓይን ሕመም መድኃኒትነት ተፈቀደ፤ በ2002 ደግሞ በቅንድብ መሃል ላለው መሸብሸብ።

እንግዲህ ለሐረር ሰርግ ብላችሁ የምትወጉ ካላችሁ ስሙኝ። ቃሲል መታሸት ይፈልጋል፤ የተወጋ ፊት ደግሞ መታሸት አይወድም። መድኃኒቱ ወዳልታሰበ ጡንቻ ከሄደ የዓይን ቆብ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ለ4 ሰዓት ያህል ጋደም አትበሉ። ለ24 ሰዓት ፊታችሁን አትሹ፤ ከእንፋሎትና ከከባድ ስፖርት ራቁ። መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገራችሁ ግን ነገ አትበሉ፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል!

መርፌው የሚቆየው ከ3 እስከ 4 ወር ነው። የሐረር ፀሐይ ግን ዓመቱን ሙሉ አለች፤ የፀሐይ መከላከያ ቅባት አትርሱ።

ለሰርጉ ከቸኮላችሁ ሂናው ይቅደም፤ እሱ እጅ ላይ ነው። ቃሲሉ ነገ ይደርሳል።