ሰልፉ የእኛ፣ ዕጩው የማን?

እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የምርጫ ሰልፍ ላይ የቆምኩት በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ነው። ቀኑ እሑድ፣ ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ነበር። ሦስት ዓመት እንኳ ስላልሞላኝ የማስታውሰው ነገር የለም፤ ግን በአብነት ሰፈራችን ያ ቀን ስንት ጊዜ እንደተተረከ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ሳይነጋ የወጣ ሰው ከፊቱ የተሰለፈ አገኘ። ለአሮጊቶች ከየቤቱ ዱካ ወጣላቸው። ተኮራርፈው የኖሩ ጎረቤታሞች «ቦታዬን ያዥልኝ» ተባብለው ታረቁ። እናቴ ከቀኑ አጋማሽ በኋላ ተራዋ ደርሶ ስትወጣ ቀለም የነካ ጣቷን ከፍ አድርጋ እያሳየች ነው ወደ ቤት የገባችው። ታዲያ ምኑ ነው እንዲህ ያስደሰታት?

ከ16 ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ እኔም 18 ዓመት ሞልቶኝ ጎን ለጎን ተሰለፍን። በአዲስ አበባ ሰልፉ አላልቅ ብሎ ድምፅ መስጫው ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት የተራዘመበት ቀን ነው። ጨለመ፤ በረደን። እናቴ ድንገት ዞር ብላ፣

«ለመሆኑ እነዚህን ስሞች ወረቀቱ ላይ ያሰፈራቸው ማነው?» አለችኝ።

«ፓርቲያቸው ነዋ!» አልኳት፣ የተማረ ሰው ኩራት ኮርቼ።

«ፓርቲውስ ማንን ጠይቆ?»

ዝም አልኩ። ይህ ጽሑፍ ያን ቀን ያልመለስኩላት መልስ ነው።

ውድ አንባቢያን! ምርጫ ሁለት በር አለው። አንደኛው በር ዕጩው የሚታጭበት ነው። ሁለተኛው በር ከታጩት መካከል አንዱ የሚመረጥበት ነው። ስለ ምርጫ ስናወራ ሁልጊዜ የምናወራው ስለ ሁለተኛው ነው፤ ሰልፉ፣ ቀለሙ፣ ሳጥኑ፣ ቆጠራው። የመጀመሪያው በር ግን የት እንዳለ እንኳ ብዙዎቻችን አናውቅም። እስቲ ወደ ኋላ ሄደን ታሪካችንን እንጠይቀው፦ የኢትዮጵያ ሕዝብ በመጀመሪያው በር ገብቶ ያውቃል?

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ከወጣ በኋላ፣ ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን እንዲመርጥ ተጠራ። ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ወንድም ሴትም ድምፅ መስጠት ይችል ነበር። በዚያው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ አሸንፈው ምክር ቤት ገቡ፤ የመጀመሪያዋ ሴት የሕዝብ እንደራሴ ሆኑ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ዘውዳዊ ሥርዓት ነበር ብለን ብቻ አንናቀው። ይሁን እንጂ የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። ታዲያ ዕጩውን የሚያጨው ማን ነበር? ንብረቱ! ለውድድር የሚቀርብ ሰው በምርጫ ክልሉ ውስጥ 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ንብረት እንዲኖረው ሕጉ ያዝዛል። በዚያ ዘመን 1,000 ብር ስንት ገበሬ ቤት ይገኝ እንደነበረ መገመት አያቅትም። ጭሰኛው ባለ መሬቱን ሊመርጥ ይችላል፤ ራሱ ግን አይታጭም። የመጀመሪያው በር ላይ የቆመው ዘበኛ ብር ነበር ማለት ነው።

አብዮቱ መጣና ያን ዘበኛ አባረረ። ጥያቄው በቦታው ማን ቆመ የሚለው ነው። መስከረም 1977 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ተመሠረተ። ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. ሕዝቡ በአዲሱ ሕገ መንግሥት ላይ ድምፅ ሰጠ። መምረጥ ከሚችለው 14 ሚሊዮን ያህል ሰው ውስጥ 96 በመቶው ድምፁን ሰጠ፤ 81 በመቶው ደገፈ ተባለ። በዚያው ዓመት ሰኔ 7 ቀን ደግሞ 835 መቀመጫ ላለው ብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ተደረገ። ለአንድ መቀመጫ እስከ ሦስት ዕጩ ይቀርብ ነበር። ሦስቱንም የሚያቀርቡት ግን ፓርቲው፣ ፓርቲው የሚመራቸው የብዙኃን ማኅበራትና የጦር ክፍሎች ነበሩ። መራጩ ከሦስት መምረጥ ይችላል፤ ሦስቱ ግን ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው።

96 በመቶ! ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው «ምን ዓይነት የጋለ ሕዝብ ነው!» ማለቱ አይቀርም። በሰፈራችን ያን ጊዜ የነበሩ አንድ አዛውንት ጠይቄአቸው ነበር። «ጋሼ፣ ያን ጊዜ ለምን መረጡ?» ብላቸው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ቀበሌው ስማችንን ያውቃል፤ ስኳርና ሳሙናም የምናገኘው ከቀበሌው ሱቅ ነው። ማን ቀርቶ ይታያል?» አሉኝ። ልብ በሉ፤ መቅረትን ፈርቶ የወጣ ሰውና መምረጥን ወዶ የወጣ ሰው በቆጠራ ወረቀት ላይ አንድ ናቸው። ስለዚህ የታሪክ ተማሪ የሆነ ሰው የተሳትፎ ቁጥር ሲያይ ወዲያው ማጨብጨብ የለበትም። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ሰዎቹ ቢቀሩ ምን ይሆኑ ነበር?» ብሎ ነው። ቀጥሎ «ከመጡ በኋላ ምን ያህል ምርጫ ነበራቸው?» ይበል። ሁለቱ ሳይመለሱ 96ም ሆነ 69 ያው ቁጥር ነው።

ወደ 1997 እንመለስ። ያን ዓመት ልዩ ያደረገው የሰልፉ ርዝመት ብቻ አይደለም፤ ከሰልፉ በፊት የነበረው ክርክር ነው። ገዥው ፓርቲና ተቃዋሚዎች በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲሟገቱ ሕዝቡ አየ። ቴሌቪዥን የሌለው ጎረቤት ቤት ሄደ። ሚያዝያ 29 የኢሕአዴግ ደጋፊዎች መስቀል አደባባይን ሞሉት፤ በማግሥቱ ሚያዝያ 30 የቅንጅት ደጋፊዎች ሞሉት። በአገሪቱ ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦ ነበር። በአዲስ አበባ ምክር ቤት ካሉት 138 መቀመጫዎች ቅንጅት 137ቱን ወሰደ። ያን እሑድ አብነት ላይ የተሰለፈ ሰው ቢቀር የሚጠይቀው አልነበረም። እንዲያውም ካርድ ያላወጣው ነበር እጁን እየነከሰ የተጸጸተው። የእናቴ ደስታ ምንጭ ይኸው ነው፤ ማንም ሳያስገድዳት ወጣች፣ የመረጠችውም ነገር ለውጥ ያመጣል ብላ አመነች።

የተከተለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ውጤቱ አከራከረ። በሰኔ 1997ና በጥቅምት 1998 በተነሣው ሁከት 193 ሲቪል ሰዎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን ደርሶበታል። የተመረጡት የምክር ቤት አባላት በነሐሴ 1997 ዶክተር ብርሃኑ ነጋን ለከንቲባነት መርጠው ነበር፤ ሥልጣኑን ግን ሳይረከቡ ከሌሎቹ የቅንጅት መሪዎች ጋር ታሰሩ። ከተማዋም በ1998 ዓ.ም. ለባለአደራ አስተዳደር ተሰጠች። እናቴ ለብዙ ዓመት ስለ ምርጫ አላወራችም። ካርዷን ግን አልጣለችውም፤ ከክርስትና ፎቶዬ ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ አስቀምጣዋለች።

እዚህ ላይ አንድ የማይወደድ ነገር ልናገር። በ1997ም ቢሆን የመጀመሪያው በር ለሕዝቡ ክፍት አልነበረም። ቅንጅት የአራት ፓርቲዎች ጥምረት ነበር። በየወረዳው ማን ይቅረብ የሚለው በፓርቲዎቹ መካከል የሚያልቅ ጉዳይ ነበር። የአብነት ሰው በጋለ ስሜት የመረጠው በአብዛኛው ሁለት ጣቱን እንጂ ሰውየውን አልነበረም። ስማቸውን ብትጠይቁ ብዙዎቹ የምርጫ ምልክቱን እንጂ የመረጡትን ሰው አያስታውሱም። ታዲያ መሪዎቹ ሲታሰሩና ጥምረቱ ሲፈርስ ሕዝቡ የሚይዘው አጣ። እኔ እንደሚመስለኝ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ዕጩውን ስላላጨው «የኔ» ብሎ ይዞት አልቆየም።

አሁን ወደ መጋቢት 2010 እንምጣ። ይህ ለጥያቄያችን ከሁሉ የቀረበው ምሳሌ ነው። የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን አስታወቁ። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ይመረጣል። ምክር ቤቱን በሙሉ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ይዘውት ስለነበር የኢሕአዴግ ሊቀ መንበር የሆነ ሰው ጠቅላይ ሚኒስትር እንደሚሆን ማንም አልተጠራጠረም። ኦሕዴድም ይህን አስልቶ የምክር ቤት አባል ባልነበሩት በአቶ ለማ መገርሳ ቦታ ዶክተር ዐቢይ አሕመድን ሊቀ መንበር አደረገ። ሊቀ መንበሩን የሚመርጠው የኢሕአዴግ ምክር ቤት ነው። አባላቱ 180፤ ከሕወሓት፣ ከብአዴን፣ ከኦሕዴድና ከደኢሕዴን እኩል 45፣ 45 ሰው።

ያን ሰሞን አብነት ላይ ሌላ ወሬ አልነበረም። ታክሲ ውስጥ፣ ጠጅ ቤት፣ ጸጉር ቤት፣ ሁሉም ቆጣሪ ሆነ፦ «ብአዴን ለማን ይሰጣል? ደቡብ የራሱን ይይዛል?» ይባላል። መጋቢት 18 ምሽት ውጤቱ ተሰማ። ዶክተር ዐቢይ 108 ድምፅ፣ አቶ ሽፈራው ሽጉጤ 59፣ ዶክተር ደብረ ጽዮን ገብረ ሚካኤል 2 አገኙ። አቶ ደመቀ መኮንን ራሳቸውን ከውድድሩ አግልለው ነበር። የደስታ እልልታ ከየግቢው ሲወጣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እስቲ እናስተውል። የአንድ ፓርቲ መሪ ለመምረጥ እውነተኛ ፉክክር ተደርጎ፣ የድምፁ ቁጥር ተነግሮ፣ ሕዝቡ በዚህ መጠን ሲከታተል አይተን አናውቅም ነበር። ስሜቱ ሞልቷል፤ የጎደለው መራጩ ነው። ከ100 ሚሊዮን ሕዝብ 180 ሰው! እኛ ኳስ ሜዳ ላይ እንደተቀመጠ ተመልካች ነበርን፤ ጮኸናል፣ ኳሷን ግን አልነካናትም። የተመረጠው ሰው በኋላ በሠራው ሥራ ላይ ክርክሩ ብዙ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ጉዳዬ በሩ ነው።

በሌላው ዓለም ይህ በር እንዴት ተከፈተ? አሜሪካኖች እንኳ ድሮ የነበራቸው በር ጠባብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ሁበርት ሃምፍሪ በአንድም የክፍላተ ሀገር ቅድመ ምርጫ ሳይወዳደር የዴሞክራቶች ዕጩ ሆነ። ቺካጎ ላይ ጉባኤው አዳራሽ ውስጥ ጭቅጭቅ፣ ውጭ ዱላ ሆነ። ከዚያ በኋላ ፓርቲው ደንቡን ቀየረ፤ ዕጩን መምረጥ ቀስ በቀስ ወደ ተራው ደጋፊ እጅ ገባ። በ2008 ኦባማና ሂላሪ ክሊንተን ሲፎካከሩ ከ35 ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ ሰጠ። ልብ በሉ፣ ይህ ለፕሬዚዳንትነት ሳይሆን ለዕጩነት ብቻ ነው!

«እነሱማ ሀብታሞች ናቸው» የሚል አይጠፋም። መልካም፤ ወደ ጋና እንሂድ። አዲሱ አርበኞች ፓርቲ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ዕጩውን ሲመርጥ 17 ሰው ተወዳደረ፤ ድምፅ የሚሰጡት ግን 2,300 ያህል ልዑካን ብቻ ነበሩ። ልዑካን ጥቂት ሲሆኑ በገንዘብ መግዛት ይቀላል የሚል ቅሬታ ተነሣ። ፓርቲው ደንቡን ለወጠና በ2010 ከ100,000 በላይ አባላቱ በየወረዳቸው ድምፅ ሰጥተው ናና አኩፎ አዶን አጩ። ይህች አገር አፍሪካ ውስጥ ናት፤ ከእኛ ብዙ የምትርቅ አይደለችም።

እርግጥ ነው፣ በሩ መከፈቱ ብቻ ጻድቅ አያደርግም። ሰፊ ቅድመ ምርጫ ገንዘብ ይበላል፤ ፓርቲን ሊሰነጥቅ ይችላል። በእኛ አገር ደግሞ በዘር መከፋፈሉን ያብሰዋል የሚል ሥጋት አለ። ሥጋቱን አልንቀውም። ነገር ግን 180 ሰው ሲመርጥስ ቆጠራው በየቤታቸው አልነበረም እንዴ? ጠጅ ቤት የምንቆጥረው እኮ ያንኑ ነበር። ልዩነቱ በዝግ ቤት ሲሆን ዕጩው 180 ሰው ማሳመን ይበቃዋል፤ በአደባባይ ሲሆን ግን የማያውቁት ሰዎች ደጃፍ ድረስ ሄዶ መለመን ግዴታው ይሆናል። ለምኖ የታጨ ሰው ደግሞ ማን እንዳጨው አይረሳም።

ለእኛ ለተማሪዎች ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። በ1961 ዓ.ም. መጀመሪያ ጥላሁን ግዛው ለዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ በመኮንን ቢሻው ተሸነፈ። አኩርፎ አልቀረም። በዓመቱ ያንኑ መራጭ ፊት ለፊት ቀርቦ አሸነፈ። ብዙ ሳይቆይ ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ተገደለ። ስለ ሞቱ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ግን ሽንፈቱን ነው የምወደው። ፓርቲ በሌለበት አገር ስድስት ኪሎ ውስጥ ተማሪው ሁለቱንም በር በእጁ ይዞ ነበር፤ ዕጩውን በስሙ ያውቀዋል፣ ይከራከረዋል፣ ይጥለዋል፣ መልሶም ያነሣዋል።

ዛሬ የየክበባችን አመራር ሲመረጥ ስንቶቻችን እንገኛለን? ስሞቹ ተለይተው ከመጡ በኋላ እጅ ማውጣት ለምደን የለም እንዴ? ከዚያ ነው የሚጀምረው። በትንሹ በር ያልገባ በትልቁ አይገባም።

እናቴ ባለፈው ሳምንት ያቺን ፖስታ አውጥታ የ1997 ካርዷን አሳየችኝ። ጠርዟ ነትቧል። «መልሱን አገኘኸው?» አለችኝ። ይህን ጽሑፍ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «እንዲህ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከሰልፉ በፊት ጥሩኝ» አለች።