በመካ ስለ ነበረችው የእመቤታችን ሥዕል

እኛ ኢትዮጵያውያን ሥዕለ ማርያምን በመጋረጃ እንከልላለን፤ ወደ መቅደስም ስንገባ ጫማችንን እናወልቃለን። ክቡራን ተሳላሚዎችና መነኮሳት አባቶች የእመቤታችን ሥዕል በመካ፥ ያውም በካዕባ ውስጥ ነበረች ሲባል ቢሰሙ ይደነቁ ይሆናል። ነገሩ ግን በጥንት የዐረብ ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ይገኛል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ608 ዓ.ም. ገደማ የመካ ሰዎች የተጎዳውን ካዕባ አፍርሰው እንደ ገና ለመሥራት ተነሡ፤ ነገር ግን እንጨት አልነበራቸውም። በዚያው ወራት የአንድ ሮማዊ ነጋዴ መርከብ በጅዳ ጠረፍ ተሰበረች። (አንዳንዶች በሹዐይባ ነው ይላሉ፤ ከጅዳ በፊት የመካ ወደብ እርሷ ነበረችና።) ሳንቃዋንም ወስደው ለጣራው አደረጉት። አናጢው ባቁም ይባል ነበር። ግንቡ አንዱ ረድፍ ድንጋይ፥ አንዱ ረድፍ እንጨት እየሆነ በ31 ረድፍ ቆመ። ደብረ ዳሞን የተሳለመ ሰው ይህን አሠራር ያውቀዋል። የሕንፃ ታሪክ ሊቅ የነበረው ክረስዌልም በ1951 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት አሠራሩ የሐበሻ ነው፥ ባቁምም ዕንባቆም ከሚለው ስም ያጠረ ነው ብሏል። ግምት ነውና ከግምት አናሳልፈው።

በውስጡ የነቢያት፥ የመላእክትና የዛፎች ሥዕል ነበረ፤ ለበሩ በሚቀርበው ዓምድ ላይም እመቤታችን ልጅዋን ታቅፋ ትታይ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከመካ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት መካከል ኡሙ ሰለማና ኡሙ ሐቢባ ነበሩ። እነዚህ ሴቶች በሐበሻ ስላዩአት ማርያም ስለምትባል ቤተ ክርስቲያንና ስለ ሥዕሎችዋ ለነቢዩ መሐመድ እንደ ነገሩ በሐዲስ ተጽፏል። ነቢዩ ግን በቅዱሳን መቃብር ላይ መቅደስ ማነጽንና ሥዕል መሣልን ነቀፉ። ይህን መሸሸግ አይገባንም።

በ630 ዓ.ም. መካ በእጃቸው በገባች ጊዜ የካዕባ ሥዕሎች እንዲፋቁ አዘዙ። የ9ኛው መቶ ዓመት መካዊ ጸሐፊ አል አዝረቂ እንደሚተርከው ግን፥ እጃቸውን በማርያምና በልጅዋ ሥዕል ላይ አኑረው ከእጃቸው በታች ካለው በቀር ሌላው ሁሉ እንዲጠፋ አደረጉ። ሌሎች ተራኪዎች ሁሉም ተፋቀ ይላሉ። በአል አዝረቂ ቃል ሥዕሊቱ እስከ 683 ዓ.ም. ቆየች፤ በዚያ ዓመት መካ ተከብባ ሳለች ካዕባ ሲቃጠል አብራ ጠፋች።

ለሥዕል የሚሰጠው ክብር ወደ ባለ ሥዕሉ እንደሚያልፍ በጉባኤ የተወሰነው ከዚህ መቶ ዓመት በኋላ፥ በ787 ዓ.ም. በኒቅያ ነው። ነቢዩን የእኛን ሃይማኖት ያመኑ ማስመሰል ስሕተት ነው፤ ትምህርታቸው ሌላ ነው። ቢሆንም የዚያች እጅ ነገር ከልቤ አልወጣ ብሎኛል። ስንት ጊዜ ሥዕል ያለበትን ወረቀት ዕቃ እንጠቀልልበታለን፤ ስንት ጊዜ በአቧራ ተሸፍኖ እያየነው እናልፋለን!

ዛሬ መካ እስላም ላልሆነ ሰው የተዘጋች ናት፤ በጅዳም ቤተ ክርስቲያን የለም። በዚያች ከተማ ግን በሰው ቤት ሥራ የሚያድሩ ብዙ ኢትዮጵያውያት አሉ። ከእነርሱ የተመለሰች አንዲት እኅት እንዳጫወተችን፥ የመዳፍ ያህል የምታህል ሥዕለ ማርያም በነጠላዋ ጠቅልላ ከሻንጣዋ ሥር ታኖር ነበር። ሌሊት ሥራ ሲያበቃ በሩን ትዘጋለች፥ እጅዋን ትታጠባለች፥ ከዚያ በኋላ ነጠላውን ትገልጣለች።