ከፈላው የጥንቸል ደም የተገኘው ማኅተም

ሥጋ በጨጓራ ሲፈጭ፣ ፕሮቲኑን የሚቆራርጡት ኢንዛይሞች ለሥራቸው ጉልበት አይጠይቁም። እ.ኤ.አ. በ1953 ሲምፕሰን የተባሉ ተመራማሪ በአይጥ ጉበት ቁራጭ ላይ ያዩት ነገር ግን ግራ አጋባ፤ ሕዋስ የገዛ ፕሮቲኑን ለማፍረስ ጉልበት ያወጣል። ለማፍረስ ምን ጉልበት ያስፈልጋል?

በዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ ለዓመታት የሊቃውንቱ ዓይን ያረፈው ፕሮቲን በሚሠራበት መንገድ ላይ ነበር፤ ስለ አፈራረሱ የሚጠይቅ ጥቂት ነበር። አቭራም ሄርሽኮ ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ ነበሩ። በ1937 ሃንጋሪ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ከናዚዎች ግዞት ተርፈው፣ በ1950 እስራኤል የገቡ ሐኪም ናቸው።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከተማሪያቸው ከአሮን ቺካኖቨር ጋር ሃይፋ በሚገኘው ቴክኒዮን ዩኒቨርሲቲ ያደረጉት ሙከራ ነው። ካልበሰሉ የጥንቸል ቀይ የደም ሕዋሶች ያወጡትን ፈሳሽ ለሁለት ከፈሉት። አንዱም ብቻውን አልሠራም፤ መልሰው ሲያገናኟቸው ግን ፕሮቲኑ መፍረስ ጀመረ። በአንደኛው ክፍል የተደበቀውን ነገር እንዳይለዩ ሂሞግሎቢን የተባለው ቀይ የደም ፕሮቲን አስቸገራቸው። ቺካኖቨር ፈሳሹን እሳት ላይ ጣዱት። ፕሮቲን ሲሞቅ እንደ እንቁላል ይረጋልና፣ ድካማቸውን ሁሉ በገዛ እጃቸው ያጠፉት ይመስል ነበር። ሂሞግሎቢኑ ረግቶ እንደ ጭቃ ከሥር ዘቀጠ። ከላይ የቀረው ጥርት ያለ ፈሳሽ ግን ሥራውን አልተወም! የሚፈልጉት ነገር እሳት የማይበግረው ትንሽ ፕሮቲን ነበር።

ፊላደልፊያ በሚገኘው ፎክስ ቼዝ የካንሰር ማዕከል ከኧርዊን ሮዝ ጋር ሲመረምሩት ሌላ ነገር ታየ። ይህ ፕሮቲን ሌላውን አይቆርጥም፤ ይለጠፍበታል እንጂ፣ ያውም በቀላሉ በማይላቀቅ ትስስር። በ1980 ማንነቱ ታወቀ። ከዚያ 5 ዓመት ቀደም ብሎ ተገኝቶ ሥራው ሳይታወቅ የቆየው፣ 76 አሚኖ አሲዶች ያሉት ዩቢኩዊቲን ነው።

ሦስት ዓይነት ኢንዛይሞች እየተቀባበሉ ዩቢኩዊቲንን በሚፈርሰው ፕሮቲን ላይ ያትሙታል፤ በማኅተሙ ላይ ሌላ ማኅተም ይደረባል። ፕሮቲያዞም የሚባለው በርሜል መሳይ ወፍጮ የታተመበትን ስቦ ይቆራርጠዋል። ማኅተሙ ራሱ ግን በሩ ላይ ተነቅሎ ለሌላ ሥራ ይመለሳል። ጉልበቱ የሚወጣው ለዚህ ነበር፤ ለይቶ ለማተም፣ የተጠቀለለውንም ፕሮቲን ተርትሮ ለማስገባት።

በ2004 ሦስቱም በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አሜሪካ ቦርቴዞሚብ የተባለውን መድኃኒት መልቲፕል ማየሎማ ለተባለው የመቅኔ ካንሰር ፈቅዳ ነበር። መድኃኒቱ ወፍጮውን ይዘጋል፤ የካንሰሩ ሕዋስም ሳይፈርሱ በተከማቹ ፕሮቲኖች ተጨናንቆ ይሞታል።