የሰገሌ ጦርነትና የታሪካዊ ልብ ወለድ ድርሻ

የታሪክ ጸሐፊ ጦርነትን ሲተርክ በቅድሚያ የሚያነሣው የአዝማቾቹን ስም፣ የውጊያውን ቀንና የድሉን ባለቤት ነው። ታሪካዊ ልብ ወለድ የሚጽፍ ደራሲ ግን ከዚህ አልፎ በሜዳው ላይ የወደቀው ወታደር ማን እንደ ነበረ፣ ስለ ምን እንደ ዘመተና ሲዘምት ምን ያምን እንደ ነበረ መጠየቅ ይገባዋል። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የተካሄደው የሰገሌ ጦርነት ይህን ጥያቄ አጥብቀው ከሚያስነሡት የእርስ በርስ ውጊያዎች አንዱ ነው።

የነገሩ ሂደት ባጭሩ የሚከተለው ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የሸዋ መኳንንት ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን አውርደው ዘውዲቱ ምኒልክን ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪ መኰንንን ደግሞ አልጋ ወራሽ አደረጉ። የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን ዙፋን ለማስመለስ የወሎን ጦር አስከትተው ወደ ሸዋ ገሠገሡ። በሰሜን ሸዋ ደጋ መንገዱን እንዲዘጉ የተመደቡት ራስ ልዑልሰገድ አጥናፍሰገድ ቶራ መስክ ላይ እጅግ ከሚበልጣቸው ጦር ጋር ገጥመው እርሳቸውም አብዛኛው ሠራዊታቸውም አለቁ። ንጉሥ ሚካኤል ግን ከዚህ ድል በኋላ ወዲያው ወደ አዲስ አበባ አልዘለቁም። የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በማታለያ መልእክት እንዳዘናጓቸው ይነገራል። በዚህ መካከል የሸዋ ጦር ተጠናከረ። ሰገሌ ላይ በተደረገው ውጊያ ንጉሡ ድል ሆነው ተማረኩ። ልጃቸው በዚያው ዕለት ከአፋር ተከታዮቹ ጋር አንኮበር ደርሶ ነበር፤ ሆኖም ለአባቱ ሊደርስላቸው አልቻለም።

ለደራሲ ከውጊያው ስልት የበለጠ ትምህርት የሚሰጠው የተሰላፊዎቹ ዝምድና ነው። ንጉሥ ሚካኤል የዳግማዊ ምኒልክን ልጅ ሸዋረጋን ያገቡ ስለ ነበሩ ለንግሥት ዘውዲቱ የእኅት ባል ናቸው። የተፈሪ ባለቤት ወይዘሮ መነን የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ ሲሆኑ፣ በ1903 ዓ.ም. ተፈሪን ከማግባታቸው አስቀድሞ የራስ ልዑልሰገድ ሚስት ነበሩ። እንግዲህ በአንዲት ሴት ሕይወት ውስጥ ቶራ መስክ ላይ የሞተው የቀድሞ ባል፣ ሰገሌ ላይ የተማረከው አያትና ከድሉ ተጠቃሚ የሆነው ባል ተገናኝተዋል ማለት ነው። ከዚህም በላይ ንጉሥ ሚካኤል በ1888 ዓ.ም. የወሎን ጦር መርተው ዓድዋ ላይ ከሸዋ ሰው ጋር ጎን ለጎን የተዋጉ ናቸው። ከ20 ዓመት በኋላ በሰገሌ የተላለቁት የአንድ አገር አርበኞችና የእነርሱ ልጆች ነበሩ። ስለዚህ ሰገሌን የወሎና የሸዋ ሕዝብ ጠላትነት አድርጎ ማቅረብ ታሪክን ማዛባት ነው። ጠቡ የሥልጣን ጠብ ነበር፤ ሕዝቡን ለማነሣሣት የቀረበው ምክንያት ግን ሃይማኖት ነው። ኢያሱ ሰልሟል የሚለውን ክስ ሳይመረምር እንደ እውነት የሚቀበል ደራሲ የአሸናፊውን ዐዋጅ ይደግማል እንጂ ልብ ወለድ አይጽፍም።

የተራው ወታደር ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው። በዚያ ባላባታዊ ሥርዓት ወታደሩ የሚኖረው ጌታው በሰጠው ማደሪያና በገባሩ ላብ በመሆኑ፣ ጌታው ወደ ዘመተበት ከመዝመት በቀር ብዙ ምርጫ አልነበረውም። ስንቁ በሶና ዳቦ ቆሎ ነው፤ ሌሊቱን የሚያድረው «በጥቅምት አንድ አጥንት» በሚባልበት የደጋ ብርድ ነው። ወሩ አዝመራው ገና ከማሳ ያልተሰበሰበበት እንደ መሆኑ፣ ሠራዊት ባለፈበት ሁሉ የሚረገጠው የገበሬው የዓመት ጉርስ ነው። እንጀራ የሚጋግሩት፣ ውሃ የሚቀዱትና ቁስለኛ የሚያነሡት ሴቶችም ከሠራዊቱ ጋር ይጓዛሉ። ይሁን እንጂ በዜና መዋዕል ውስጥ የእነዚህ ሰዎች ስም አይገኝም።

ጥቅምት 23 ቀን አዲስ አበባ ጃን ሜዳ ላይ በተደረገው የድል ሰልፍ ንጉሥ ሚካኤል በሰንሰለት ታስረው በሕዝብ ፊት አለፉ። ሰልፉን ከተመለከቱት አንዱ የእንግሊዝ ሚኒስትር ልጅ የነበረው የ6 ዓመቱ ዊልፍሬድ ቴሲገር ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ በዕድሜ ከእርሱ እምብዛም የማይበልጥ፣ ሁለት ሰው ገደለ የተባለ ልጅ በሰዎች ትከሻ ላይ ሆኖ ሲያልፍ ማየቱን ጽፏል። የዚያ ልጅ ማንነት ግን አልተነገረም። አባቱ የት ወደቀ? የገደላቸውስ ሰዎች የማን ልጆች ነበሩ? የታሪክ ሰነድ የማይመልሰውን ይህን ጥያቄ ለመመለስ ነጻነቱ ያለው ልብ ወለድ ነው።

የሌላው ዓለም ልምድ ሁለት መንገድ ያሳያል። አሜሪካዊው ማይክል ሻራ በ1974 እ.ኤ.አ. ባወጣው ልብ ወለድ የ1863ቱን የጌቲስበርግ ውጊያ በአብዛኛው በሁለቱም ወገን አዛዦች ዓይን ያሳያል። ሶቪየታዊው ሚኻይል ሾሎኾቭ ግን ስለ ዶን ኮሳኮች በጻፈው ታላቅ ድርሰት አንድን የገበሬ ወታደር ከቀዩ ወደ ነጩ፣ ከነጩ ወደ ቀዩ ጎራ እያመላለሰ የእርስ በርስ ጦርነትን ፍርጃ ያሳያል። በእኛም አገር ብርሃኑ ዘርይሁን በ«የቴዎድሮስ እንባ»፣ አቤ ጉበኛም በ«አንድ ለናቱ» ታሪካዊውን ልብ ወለድ አስፋፍተዋል፤ ሆኖም የሁለቱም ማዕከል ንጉሡ ነው።

ሰገሌ ሁለቱንም መንገድ ይጠይቃል። የአዝማቾቹን ተንኮል፣ ጀግንነትና ሐዘን መተው አይቻልም፤ ነገር ግን ከድሉ በኋላ ለረጅም ዘመን አገሪቱን የገዙት ከአሸናፊዎቹ አንዱ በመሆናቸው ታሪኩ ይበልጡን ሲነገር የኖረው በእነርሱ አንደበት ነው። የተሸናፊው ወታደር፣ የቶራ መስክ ሟችና ማሳው የተረገጠበት ገበሬ አንደበት የሚያገኙት ደራሲው ሁለቱንም ሰፈር በእኩል ዓይን ሲመለከት ነው። የእርስ በርስ ጦርነት ድል አድራጊ ቢኖረውም የሁለቱም ወገን ሟች የአንድ አገር ልጅ መሆኑን አንባቢ እንዲገነዘብ ማድረግ ከታሪካዊ ልብ ወለድ ኃላፊነቶች ዋነኛው ነው።