ደመወዝ ምጽዋት አይደለም

በግንቦት 2025 የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አዲስ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ስትመርጥ ወሬው ሁሉ ስለ ሰውዬው አሜሪካዊነት ነበር። ታሪክ ለሚወድ ሰው ግን ትልቁ ዜና የመጣው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ሊዮ 14ኛ ለካርዲናሎቻቸው ስማቸውን ለምን እንደመረጡ ሲያስረዱ፣ ዋናው ምክንያት ሊዮ 13ኛ መሆናቸውን ተናገሩ። ያኛው ሊዮ በመጀመሪያው ታላቅ የኢንዱስትሪ አብዮት ዘመን የሠራተኛውን ጥያቄ አነሱ፤ ዛሬ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሌላ አብዮት ይዞ መጥቷል፤ የሰው ክብር፣ ፍትሕና ሥራ እንደገና ጥያቄ ውስጥ ገብተዋል አሉ።

እኛ ሀገር ልዮን የሚለው ስም ሲጠራ 451ን እና ጉባኤ ኬልቄዶንን አስታውሶ ፊቱን የሚያኮሳትር አይጠፋም። አይዟችሁ፣ ያኛው ልዮን ሌላ ነው። የዛሬው ጨዋታችን ስለ 13ኛው፣ ይልቁንም እሳቸውን እንዲናገሩ ስላደረጓቸው ሠራተኞች ነው። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እንላለን።)

ለመሆኑ የሠራተኛ ማኅበርና የክርስትና እሴት ምን አገናኛቸው? ግማሹ ሰው ማኅበር ሲባል ቀይ ባንዲራና «ወዛደር ሆይ» የሚል መፈክር ይታየዋል። ሌላው ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ድርሻ ድሀውን «ታገስ»፣ ሀብታሙን «መጽውት» ማለት ብቻ ይመስለዋል። ታሪኩን ስናገላብጥ ግን ከሁለቱም የተለየ ነገር እናገኛለን።

ለንደን፣ 1889፦ የስድስት ፔኒ አድማ

የለንደን ወደብ በዚያ ዘመን የዓለም ንግድ ልብ ነበር። ሸክሙን የሚያወርዱት ሰዎች ግን ነገ ሥራ ይኑራቸው አይኑራቸው አያውቁም። በየጠዋቱ የወደቡ በር ላይ ይሰበሰባሉ፤ ካቦው ይወጣና «አንተ፣ አንተ፣ አንተ» እያለ ይመርጣል። ለመመረጥ መገፋፋትና መረጋገጥ የተለመደ ነበር። የተመረጠውም ቢሆን ለአንድና ለሁለት ሰዓት ብቻ ሠርቶ ሊሰናበት ይችላል። ዛሬ በከተማችን አደባባዮች ዳር አካፋና መዶሻ ይዘው የሚጠብቁትን የቀን ሠራተኞች ላየ ሰው ይህ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ነሐሴ 14 ቀን 1889 እነዚህ ሰዎች ሥራ አቆሙ። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፦ በሰዓት አምስት ፔኒ የነበረው ክፍያ ስድስት ይሁን፤ የትርፍ ሰዓቱ ስምንት ይሁን፤ ለሥራ የተጠራ ሰው ቢያንስ የአራት ሰዓት ሥራ ይሰጠው። ቤን ቲሌት፣ ቶም ማንና ጆን በርንስ መሩት። አድማው እየሰፋ ሄዶ መቶ ሺህ የሚደርስ ሰው ያዘ። የድርጅቶቹ ስሌት ደግሞ ግልጽ ነበር፤ የቀን ሠራተኛ ቁጠባ የለውም፤ ረሀብ በሳምንትና በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመልሰዋል። ስሌቱን ያፈረሰው ከአውስትራሊያ የመጣው ገንዘብ ነው። እዚያ ያሉ ሠራተኞችና ደጋፊዎቻቸው ወደ 30,000 ፓውንድ ላኩ። ፊታቸውን አይተውት ለማያውቁት ሰው!

እዚህ ላይ ነው አንድ ሽማግሌ የሚመጡት። ካርዲናል ሄንሪ ኤድዋርድ ማኒንግ ዕድሜያቸው 81 ነበር። ከወደብ ሠራተኞቹ ብዙዎቹ አይሪሽ ካቶሊኮች ስለሆኑ መንጋቸው ናቸው። ሽማግሌው ወደ ድርጅቶቹ ኃላፊዎች ሄዱ፤ ከሠራተኞቹም ጋር ፖፕላር በሚባለው ሰፈር በአንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ለሰዓታት ተቀመጡ። ጭቅጭቁ የቀረው ጭማሪው መቼ ይጀምር በሚለው ላይ ነበር፤ በመጨረሻ ኅዳር 4 ላይ ተስማሙ። ሠራተኞቹ ስድስቷን ፔኒ አገኙ፤ አድማው በመስከረም አጋማሽ አበቃ።

ልብ በሉ፤ ካርዲናሉ ለሠራተኞቹ ዳቦ አከፋፍለው ቢመለሱ ኖሮ ማንም ክርስቲያናዊ አይደለም አይላቸውም ነበር። እሳቸው ያደረጉት ግን ሌላ ነው፤ ማኅበሩን እንደ ማኅበር ተቀብለው ከባለ ሀብቶቹ እኩል ለድርድር አስቀመጡት። የሸንጎ ሽምግልና ብለን ልንጠራው እንችላለን፤ ሽማግሌው ለአንዱ ወገን ምጽዋት ለምኖለት አይደለም የሚያስታርቀው።

አንበሳው ሲናገር

ማኒንግ ብቻቸውን አልነበሩም። በጀርመን የማይንዝ ጳጳስ የነበሩት ቪልሄልም ፎን ኬተለር በ1864 ስለ ሠራተኛው ጥያቄና ስለ ክርስትና መጽሐፍ ጽፈው ነበር፤ የማርክስ «ካፒታል» የመጀመሪያው ቅጽ ከመታተሙ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። በአሜሪካ ደግሞ «ናይትስ ኦፍ ሌበር» የተባለው የሠራተኞች ድርጅት በቤተ ክርስቲያን እንዳይወገዝ የባልቲሞሩ ካርዲናል ጊበንስ በ1887 ሮም ድረስ ሄደው ተከራክረዋል።

እንግዲህ ግንቦት 15 ቀን 1891 ሊዮ 13ኛ «ሬሩም ኖቫሩም» የተሰኘውን ሐዋርያዊ መልእክት ሲያወጡ ነገሩ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ሊዮ በላቲን አንበሳ ማለት ነው፤ የእኛ ሰው ደግሞ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላል። በዚህ ታሪክ የሠራተኞቹ ድር አንበሳውን አላሰረውም፤ አናገረው እንጂ።

መልእክቱ ምን ይላል? በአንድ በኩል ሶሻሊዝምን ይቃወማል፤ የግል ንብረት መብት ነው ይላል። በሌላ በኩል ግን የዘመኑን ፋብሪካ ባለቤቶች ያስደነገጠ ነገር አለው። አሠሪና ሠራተኛ «ተስማምተናል» ስላሉ ብቻ ደመወዝ ፍትሐዊ አይሆንም። የተራበ ሰው ምን ብትሰጠው ይፈርማል! ስለዚህ ከስምምነቱ በላይ የተፈጥሮ ፍትሕ አለ፤ ደመወዝ ሠራተኛውን በልክ ማኖር አለበት። ሠራተኞች መደራጀታቸውም የተፈጥሮ መብታቸው ነው፤ መንግሥት በደፈናው ሊከለክለው አይችልም። ዕረፍት፣ የሥራ ሰዓት ልክ፣ የሕፃናት ጥበቃ ሁሉ ተነሥተዋል።

በአጭሩ ደመወዝ ከምጽዋት መዝገብ ወጥቶ ወደ ፍትሕ መዝገብ ተዛወረ። ነገሩ አዲስ ግኝት አልነበረም። የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ አምስትን የከፈተ ሰው፣ የተነፈገ የአጫጆች ደመወዝ ራሱ አፍ አውጥቶ እንደሚጮህ ያነባል። ቃሉ 1,800 ዓመት ሲነበብ ኖሯል፤ ከፋብሪካው ጋር ለማገናኘት ግን ወደብ የሚዘጉ ሠራተኞች አስፈለጉ።

ተመልከት፣ መዝን፣ ተግብር

ከዚያ በኋላ በአውሮፓ የክርስቲያን ሠራተኛ ማኅበራት በረከቱ። ሁሉም ግን የሚያኮራ አጀማመር አልነበራቸውም። የቤልጅየሙ ክርስቲያናዊ ኮንፌዴሬሽን ሥሩን የሚቆጥረው በ1886 በጌንት ከተማ ከተቋቋመ የጥጥ ሠራተኞች ማኅበር ሲሆን፣ ያ ማኅበር ገና ከስሙ ጸረ-ሶሻሊስት ነበር። ሠራተኛው በእምነትና በርዕዮተ ዓለም ሲከፋፈል ማን እንደሚጠቀም ለመገመት አዋቂ መሆን አያስፈልግም። በጀርመን የተከፋፈሉት ማኅበራት በ1933 ናዚዎች ሲመጡ ሶሻሊስቱም ክርስቲያኑም በወራት ልዩነት ፈረሱ። በ1949 የምዕራብ ጀርመን ማኅበራት በአንድ ኮንፌዴሬሽን ሥር ሲሰባሰቡ ይህ ትምህርት ከፊታቸው ነበር። ቤልጅየሞች ስማቸውን ሳይተዉ ቀጠሉ፤ ግን ዛሬ በትልልቅ ሰልፎች ላይ የክርስቲያኖቹ አረንጓዴና የሶሻሊስቶቹ ቀይ ጎን ለጎን ሲሄዱ ይታያል።

ለእኛ ዕድሜ ሰው ግን ከቤልጅየም የሚበልጠው ታሪክ የአባ ጆሴፍ ካርዳይን ነው። እኚህ ቄስ በ1925 የወጣት ክርስቲያን ሠራተኞች ንቅናቄን በይፋ አቋቋሙ። አሠራራቸው ሦስት ግሥ ነበር፦ ተመልከት፣ መዝን፣ ተግብር። ወጣቱ መጀመሪያ የራሱን ፋብሪካ ያያል፤ ስንት ሰዓት እንሠራለን? ለሴቶቹ ስንት ይከፈላል? ጣቱ የተቆረጠው ልጅ ምን ደረሰበት? ቀጥሎ ያየውን በእምነቱና በሕሊናው ይመዝናል። በመጨረሻ ትንሽም ቢሆን ሊደረግ የሚችል ነገር ያደርጋል። ስብከት ሰሚ የነበረው ወጣት የራሱን ሕይወት መርማሪ ሆነ። በ1961 ዮሐንስ 23ኛ ይህንኑ ዘዴ በሐዋርያዊ መልእክታቸው ውስጥ አስገቡት። ካርዳይንም በ1965 ካርዲናል ተባሉ።

ግዳንስክ፣ 1980፦ ሠራተኛው በሠራተኛ መንግሥት ላይ

ነሐሴ 14 እንደገና ይመጣል። በ1980 በዚያው ቀን በፖላንድ ግዳንስክ የሌኒን መርከብ መሥሪያ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። መነሻው አና ቫለንቲኖቪች የተባለች ክሬን ነጂ ጡረታ ልትወጣ ወራት ሲቀሯት መባረሯ ነው። «የሠራተኛው መንግሥት ነኝ» የሚል መንግሥት፣ ሠራተኛ ስላደራጀች አባረራት!

አድማው 21 ጥያቄዎች ነበሩት። የመጀመሪያው ከፓርቲና ከአሠሪ ነጻ የሆነ ማኅበር ነው። መንግሥት ነሐሴ 31 ፈረመ። «ሶሊዳርኖሽች» ማለትም አጋርነት የተባለው ማኅበር ተወለደ፤ በአንድ ዓመት ወደ አሥር ሚሊዮን አባል አፈራ። በመርከብ መሥሪያው በር ላይ የድንግል ማርያምና የዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ሥዕሎች ተሰቅለው፣ ቅዳሴ ተቀድሶ፣ ሠራተኞች ተሰልፈው ንስሐ ሲገቡ ዓለም በቴሌቪዥን አየ።

ታሪኩን ግን አናሳምረው። በአድማው መካከል፣ ነሐሴ 26፣ የፖላንዱ ካርዲናል ቪሺንስኪ ሠራተኛው እንዲረጋጋ የሚመስል ስብከት ሰብከው አድመኞቹን ቅር አሰኝተዋል። አድመኞቹ ምን አደረጉ? እምነታቸውንም አልጣሉም፤ አድማቸውንም አላቆሙም። የክርስትናው እሴት ያኔ ያደረው ከመንበሩ ይልቅ በበሩ አጠገብ ነበር ብንል አናጋንንም።

በታኅሣሥ 1981 ወታደራዊ አገዛዝ ታወጀ፤ ማኅበሩ ታገደ፤ መሪዎቹ ታሰሩ። ለዋርሶ ብረታ ብረት ሠራተኞች ይቀድሱ የነበሩት አባ የዢ ፖፒየውሽኮ በጥቅምት 1984 በደኅንነት ሰዎች ተገደሉ። ሆኖም ሰኔ 4 ቀን 1989 በተደረገው ምርጫ ሶሊዳርኖሽች አሸነፈ። ካሸነፈ በኋላ ደግሞ የገበያው ማሻሻያ ራሱን የግዳንስክን ሠራተኛ ከሥራ ማፈናቀሉ የታሪክ ምጸት ነው። ድል ማኅበርን አላስፈላጊ አያደርገውም፤ እንዲያውም ያን ጊዜ ነው በደንብ የሚያስፈልገው።

እኛስ?

ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅት አባል የሆነችው በ1923 ነው። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ግን በሕግ የቆመው በ1955 ዓ.ም. ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መጨረሻ ያ ኮንፌዴሬሽን ለቀናት የዘለቀ አጠቃላይ አድማ ጠርቶ አገሪቱን አናወጠ። በዚያው ሰሞን የአዲስ አበባ ተራ ካህናት ሳይቀሩ የደመወዝ ጥያቄ አንስተዋል። ቤተ ክርስቲያን ራሷ አሠሪ ናት፤ ካህኑም የሚበላ፣ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሠራተኛ ነው። ከዚያ ደርግ መጣና ነጻውን ኮንፌዴሬሽን አፍርሶ በ1969 ዓ.ም. በራሱ ልክ የተሰፋ ማኅበር ተካው። ወዛደሩ በመዝሙር ሲወደስ ድምፁ ተወሰደበት። ፖላንዶች ያዩት ነገር ለእኛም ባዕድ አይደለም።

«ማኅበር ለእኛ ባህል የመጣ ነገር ነው» የሚል ካለ ግን እድርን እንዲያስብ እንጠይቀዋለን። ሐዘን ሲደርስ እድሩ ድንኳኑን የሚተክለውና ገንዘቡን የሚሰጠው ለለቀስተኛው አዝኖ አይደለም። አባል ነው፤ ወርሐዊውን ከፍሏል፤ መብቱ ነው። ሀብታሙም ድሀውም እኩል ያዋጣሉ፤ ዳኛው ይመረጣል፤ ሒሳቡ ይነበባል። ቀባሪ ለማግኘት እንዲህ የተደራጀን ሰዎች፣ በሕይወት ሳለን ለምንበላው እንጀራ መደራጀት ለምን ይከብደናል?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የዝቅተኛ ደመወዝ ወለልን የሚመለከት የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይላል። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታትም ኢሠማኮ በሜይ ዴይ መድረኮች የወለሉን ጥያቄ ማንሳቱን ቀጥሏል። ይህ ጥያቄ በ1891 ሊዮ 13ኛ ካነሡት የተለየ አይደለም፤ ሥራ ያጣች ልጅ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በምን ያህልም ቢሆን ስለፈረመች ደመወዙ ፍትሐዊ ሆነ ማለት ነው?

የሚመጣው ዘመን

«ዘላቂ ልማት» የሚለው ቃል በየስብሰባው ከመደጋገሙ የተነሣ ሰልችቶናል። ነገር ግን ከዚህ ታሪክ አንጻር ሲታይ ትርጉም ያገኛል። የድንጋይ ከሰል ማዕድን ይዘጋ ሲባል ምድሪቱ ትተርፋለች፤ ማዕድን አውጪው ግን ወዴት ይሂድ? ማኅበራት «ፍትሐዊ ሽግግር» የሚለውን ሐሳብ ይዘው የተሟገቱት ለዚህ ነው፤ በ2015 የፓሪስ የአየር ንብረት ስምምነት መግቢያ ውስጥም ገብቷል። በዚያው ዓመት ፍራንሲስ «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው የምድር ጩኸትና የድሀ ጩኸት ተለያይተው እንደማይሰሙ አስተማሩ። ቀደም ብሎ በ2006 በቪየና፣ ከክርስቲያን ማኅበራት ሥር የበቀለው ዓለም አቀፍ ኮንፌዴሬሽንና ትልቁ ዓለማዊ ኮንፌዴሬሽን ተዋሕደው አንድ ሆነዋል። ለአንድ መቶ ዓመት የተናቆሩ ሰዎች በመጨረሻ ቁም ነገሩ ላይ ተገናኙ።

አሁን ደግሞ ካቦው መልኩን ቀይሯል። ጠዋት በር ላይ ቆሞ «አንተ፣ አንተ» የሚለው ሰው በስልክ ውስጥ ያለ ቀመር እየሆነ ነው። ሥራ የሚያድለው፣ ዋጋ የሚቆርጠው፣ የሚያሰናብተውም መተግበሪያ ነው። በዚያ ላይ ፊት የለውም፤ ሽማግሌ ቢላክበት አይሰማም። አዲሱ ሊዮ የአሮጌውን ስም ያነሡት ለዚህ ይመስለናል።

እሴት ብቻውን ስብከት ሆኖ ይቀራል፤ ማኅበርም እሴት ከሌለው ሌላ የጥቅም ቡድን ይሆናል። በለንደን፣ በብራስልስና በግዳንስክ አንድ ነገር የተለወጠው ሁለቱ ሲገናኙ ነበር። ቅደም ተከተሉንም አንርሳው፤ ሁልጊዜ መጀመሪያ የተነሡት ሠራተኞቹ ናቸው፤ መልእክቱ የተጻፈው በኋላ ነው። ስለዚህ ጥሩ ጳጳስ ወይም ጥሩ አሠሪ እስኪመጣ የምንጠብቅ ካለን ጥበቃው ረጅም ነው። በየመሥሪያ ቤታችን ተመልከት፣ መዝን፣ ተግብር የሚለውን መጀመር ግን የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

ቸር እንሰንብት።